ሁለቱም ጨረር ለአንድ ጉበት፦ ለኮምቦልቻው ወንድማችን

«የአባቴ የጉበት ዕጢ ወደ ፖርታል ቬን (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያመጣው ትልቅ ደም ሥር) ገብቷል፤ ሕንድ ያለው ሆስፒታል መጀመሪያ የውስጥ፣ ቀጥሎ የውጭ ጨረር እንስጠው ይላል፤ ጉበቱ ሁለቱን ይችላል ወይ? ልጆቻችንስ አጠገቡ ቢሆኑ?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፣ አብሽር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደሴ ነው የምኖረው፣ ታላቅ ወንድሜን በዚሁ መንገድ አስታምሜያለሁ።

የውስጡ ጨረር ይትሪየም 90 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የያዙ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍሬዎች ናቸው። በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ጉበትን በሚመግበው ደም ቅዳ ውስጥ ይለቋቸዋል። ዕጢው ደሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዚህ ደም ቅዳ ነው፤ ጤነኛው ጉበት ግን የሚበዛውን የሚያገኘው ከፖርታል ቬን ነው። ስለዚህ ፍሬዎቹ ወደ ዕጢው ያደላሉ። ጨረሩ በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው በአማካይ 2.5 ሚሊሜትር፣ ቢበዛ 11 ሚሊሜትር ያህል ነው። ፍሬ ያልደረሰበት ቦታ እንግዲህ ጨረርም አይደርሰውም። የወንድሜ ጣጣ እዚህ ላይ ነበር፤ ጉበቱ ውስጥ ያለው ዕጢ በደንብ ሲመታ፣ ደም ሥሩ ውስጥ የገባው ክፍል በቂ እንዳላገኘ ከሕክምናው በኋላ በተነሳው ምስል ታየ። የውጩ ጨረር፣ ማለት ከሰውነት ውጭ ባለ ማሽን የሚሰጠው፣ የተጨመረው ለዚያች ቁራጭ ብቻ ነው። አንተንም ሲያማክሩህ «የውጩ የሚያነጣጥረው የት ላይ ነው?» ብለህ ጠይቅ። «ጠቅላላ ጉበቱ ላይ» ካሉህ ሌላ ሐኪም ሳታማክር እሺ አትበል።

ጉበቱ ይችላል ወይ ላልከው፣ የሚወስነው ከዕጢው ይልቅ የተረፈው ጤነኛ ጉበት ነው። ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው)፣ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን)፣ የደም መርጋት ምርመራ፣ ሆዱ ውሃ ቋጥሯል ወይ፣ ራሱን ይስታል ወይ፤ እነዚህን ደምረው ቻይልድ ፑ የሚሉትን ደረጃ ይሰጣሉ። ኤ ከሆነ መነጋገር ይቻላል፣ ቢ ላይ በጣም ይጠነቀቃሉ፣ ሲ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይነኩትም። ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ከውስጡ ጨረር በኋላ ዓይን ቢጫ መሆንና ሆድ ማበጥ ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የውጩን ከመስጠታቸው በፊት እኛን ያስጠበቁን በዚህ ምክንያት ነው። ቤተሰብ «ለምን አይጨርሱትም» እያለ ሲያጉረመርም እኔ በልቤ አመሰገንኳቸው።

የሁለቱ ልክ እንዴት ይደመራል የሚለውን አጥብቀህ ያዝ። ሁለቱም ግሬይ በሚባል የጨረር መለኪያ ይለካሉ፤ ነገር ግን የውስጡ ለቀናት ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው፣ የውጩ ደግሞ በየቀጠሮው በደቂቃዎች ውስጥ ይሰጣል። ቁጥሩን ዝም ብሎ መደመር የወር በርበሬ አንድ ድስት ላይ እንደ መድፋት ነው። የፊዚክስ ባለሙያው የመጀመሪያው ጨረር የት እንዳረፈ ከምስሉ አውጥቶ፣ ሁለተኛውን በዚያ ላይ ማቀድ አለበት። ውስጡን ሕንድ፣ ውጩን ወጪ ለመቆጠብ አዲስ አበባ ለማሠራት ያሰቡ አሉ። ከተገደድህ፣ የምስሉን ሲዲና የጨረር ልኩን ሙሉ ሪፖርት ሳትይዝ እንዳትመለስ። የውጩን የሚሠራው ክፍል ለጉበት በትንፋሽ ልክ የሚታቀድ ጨረር መስጠቱንም አስቀድመህ አረጋግጥ፤ ጉበት በተነፈስን ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላላ! ወንድሜ ትንፋሹን መያዝ የተለማመደው አልጋው ላይ ተኝቶ እኔ «ያዝ፣ ልቀቅ» እያልኩት ነው፤ የባለሙያዋን እንግሊዝኛ መስማት አስቸግሮት ስለነበር።

ሁለቱን ማጣመር ገና ለሁሉም የሚታዘዝ መደበኛ ሕክምና እንዳልሆነም እወቅ። የታተሙት ጥናቶች በአብዛኛው ጥቂት ታማሚዎችን ወደ ኋላ ተመልሰው ያዩ ናቸው። «በመድኃኒት ብቻ ብንቀጥልስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ደግሞ የቫይረሱን መድኃኒት ጨረሩ ሲጀመር እንዳያቋርጥ፤ ካልጀመረም ቀድመው ያስጀምሩት፤ ቫይረሱ በጨረር ጊዜ ሊነሳ ይችላል። አንተና ወንድም እህቶችህም ተመርመሩ። የወፍ በሽታ መድኃኒት እየተባለ የሚቀመመውን ቅጠል አባባ ጠጥተው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አንዳንዱ ራሱ ጉበት ይጎዳል። ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክልም፤ ጾሙን ግን ሰውነቱ እስኪያገግም ቢያቆዩት ይሻላል፣ የኛዎቹ ሽማግሌዎች እሺ ባይሉም ሼሁም ቄሱም ይፈቅዱላቸዋል። ሆድ ማቃጠል፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ ከመጣ ሳታድር ሆስፒታል ውሰደው፤ ፍሬ ወደ ጨጓራ ካመለጠ ወይም የውጩ ጨረር አንጀት ከነካ ቁስል ይፈጥራል።

ልጆቹን በተመለከተ፣ የውጩ ጨረር ሰውነት ውስጥ ምንም አይተውም፣ እንደወጣ ማቀፍ ይቻላል። የውስጡ ኃይሉ በየ64 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሰውነት ውጭ የሚወጣው ጨረር ጥቂት ነው። ቢሆንም ሆስፒታሉ ለሚነግርህ ቀናት ሕፃን ጭኑ ላይ አይቀመጥ፣ ነፍሰ ጡር አጠገቡ አትተኛ። ስትመለሱ ስለተሰጠው ሕክምና የሚገልጽ ደብዳቤ ከፓስፖርቱ ጋር ያዝ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ያለ የጨረር መፈተሻ ሊጮህበት ይችላል።