መልስ፦ ዋናው መስመር ተቀይሮ ውሃው ለምን ደፈረሰ?
«አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን የድሮው የውሃ መስመር በአዲስ ተቀየረ፤ አሁን ግን ቡናማ ውሃ ይመጣል» ላልሽው፦

እህቴ፣ አትደንግጪ። ዋናው መስመር ቢቀየርም ወደየግቢው የሚገባው ቧንቧ አሮጌው ሊሆን ይችላል፤ የብረት ቧንቧ ሲያረጅ ደግሞ ውስጡ ዝገት ይጋግራል። ውሃው ተቋርጦ በአዲስ ግፊት ሲለቀቅ ያ ዝገት ይፈነቀላል። በቁፋሮው የገባ አፈርም ይጨመርበታል።

መጀመሪያ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ቫልቭ ዝጊ። ይሄን አደራ! ደለሉ ሮቶ ውስጥ ከገባ ማጽዳቱ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ ለቆጣሪው ቅርብ የሆነውን የግቢ ቧንቧ ክፈቺና ጥርት እስኪል ይፍሰስ። እስከዚያ አትጠጪው፣ ነጭ ልብስም አትጠቢበት። መጥፎ ሽታ ካለው ግን ፍሳሽ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ አስታውቂ።

ከቀናት በኋላም ካልጠራ ጎረቤት ጠይቂ። የእነሱ ንጹህ ከሆነ ችግሩ ግቢሽ ውስጥ ያለው አሮጌ የብረት ቧንቧ ሳይሆን አይቀርም። ከቆጣሪ ወዲህ ያለው የደንበኛው ስለሆነ ራስሽ ነሽ የምታስቀይሪው። የሁሉም ከደፈረሰ ተሰብስባችሁ ሂዱና መስመሩ እንዲታጠብ ጠይቁ።

ደግሞ ግፊት ሲጨምር አሮጌ መገጣጠሚያ ያፈሳል። ማታ ቧንቧውን ሁሉ፣ የሮቶውንም ቫልቭ ዘግተሽ ቆጣሪውን እዪው። ትንሿ መዘውር ከዞረች የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ።