የትል ጉዝጓዝ ክላሱ ስንት ነው? ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ የትል ጉዝጓዝ፣ ማለትም የኮኮናት ቃጫ፣ ፒት ሞስ (የበሰበሰ የረግረግ ተክል) ወይም የተከተፈ ካርቶን፣ በኤልቲኤል፣ ማለትም መኪናውን ሳትሞሉ ከሌሎች ዕቃ ጋር ተጋርታችሁ፣ የምትልኩ ጠይቁ። ሥራዬ የጭነት ክላስ ነው፤ ዋጋ የሚተመንበት ደረጃ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋው ይወደዳል። ስለ ትሉ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የትል ጉዝጓዝ ክላሱ ስንት ነው?

መልስ፦ ምን ዓይነት ጉዝጓዝ? ክብደቱስ? ልኬቱስ? እነሱን ሳትይዙ ክላስ አትጠይቁ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ የእኔ የታመቀ የኮኮናት ቃጫ ነው። ከነፓሌቱ (ዕቃው ከሚደረደርበት የእንጨት መደብ ጋር) 1,100 ፓውንድ። 48 በ40፣ ቁመቱ 60 ኢንች።

መልስ፦ ተባረኪ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ! ሦስቱን ልኬት አባዢና ለ1,728 አካፍይ። 66.7 ኪዩቢክ ፉት ይመጣል። 1,100ን ለሱ ስታካፍይ 16.5 ነው፤ ይህ ዴንሲቲው ነው፣ በአንድ ኪዩቢክ ፉት ስንት ፓውንድ እንዳለ። በዴንሲቲ ስኬል ከ15 እስከ 22.5 ያለው ክላስ 70 ነው። አሁን ጆንያዎቹ በየጎኑ 2 ኢንች ተርፈው ወጡ እንበል። ልኬቱ 52 በ44 ሆነ። ዴንሲቲው ወደ 13.8 ወረደ፤ ክላስ 85 ገባሽ። ዕቃው ያው፣ ክብደቱ ያው፣ ሂሳቡ ግን ሌላ። ተርሚናል ላይ የሚለካው ተርፎ የወጣው ጫፍ ነው። ስለዚህ በፕላስቲክ ከጠቀለላችሁ በኋላ ከነፓሌቱ ለኩ። የዕቃውን የኤንኤምኤፍሲ ቁጥር (በአሜሪካ የጭነት ክላስ ዝርዝር ውስጥ ያለውን መለያ) ደግሞ ከአጓጓዡ ድርጅት አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ የተከተፈ ካርቶን፣ 300 ፓውንድ፣ በዚያው ልኬት?

መልስ፦ ዴንሲቲው 4.5፤ ክላስ 175። አየር ነው የምትጭነው። ጨምቀህ እሰረው። ቁመቱ 30 ኢንች ከሆነ 9 ይመጣል፤ ክላስ 100።

አንድ አባል፦ ውሃ ቢረጭበትስ? ክብደቱ ሲጨምር ክላሱ ይወርዳል። ትሉም እርጥብ ነው የሚወደው።

ሹፌር አባል፦ ኧረ በፈጠራችሁ! እርጥብ ካርቶን ታችኛው ረድፍ ይሟሽሽና ፓሌቱ ያጋድላል። የሰው ዕቃ ላይ ይወድቃል።

አንድ አባል፦ በደንብ ከታሰረ አይወድቅም።

ሹፌር አባል፦ ሻጋታውስ? ውሃውን ገዢው ይርጭ።

መልስ፦ ሹፌሩ ልክ ነው። ኤልቲኤል በመቶ ፓውንድ ነው የሚያስከፍለው፤ ለውሃ ትከፍላላችሁ። ደረቁን ላኩ።

ጥያቄ፦ በ2024 ብሮከሬ (የጭነት ደላላዬ) የሰጠኝ ክላስ ይሠራል?

መልስ፦ እንደገና አስላ። ጁላይ 19 ቀን 2025 ብዙ ዕቃ በዴንሲቲ ወደሚወሰን ክላስ ተዛውሯል። ስኬሉም ከ11 ወደ 13 እርከን አድጓል፤ 50 እና 55 ተጨምረዋል።

ጥያቄ፦ ትሉን አብሬ ብጭነውስ?

መልስ፦ ስለ ትል አልመልስም ብያለሁ። ከጉዝጓዙ ጋር ግን አትጫነው።

ጥያቄ፦ ፒት ሞስ ክላሱ ስንት ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብቡ እንጂ! ክብደት፣ ልኬት፣ ከተጠቀለለ በኋላ፣ ከነፓሌቱ።

ጥያቄ፦ እኔ በ70 ልኬ በ85 ሂሳብ መጣብኝ።

መልስ፦ ሜትሩ የሚታይበት ፎቶና የሚዛን ወረቀት አለህ? ካለህ ከቢል ኦፍ ሌዲንጉ (ከጭነት ሰነዱ) ጋር አያይዘህ ተከራከር። ከሌለህ ክፈል።