«የመቅረጫ ቁስ» ሲባል ቀራጩ ማን ነው?

ጥያቄ፦ መረጃን በሆሎግራም ስለማከማቸት የሚደረገውን ምርምር የሚያስረዳ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ብርሃን ተቀብሎ መረጃውን የሚይዘውን ነገር አንድ ቦታ «መቅጃ መሣሪያ»፣ ሌላ ቦታ «የመቅረጫ ቁሳቁስ» ብዬዋለሁ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሁለቱም አንባቢን ያደናግራሉ።

መጀመሪያ ነገሩን እንየው። የሌዘር ጨረር ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጨረር መረጃውን ይሸከማል፤ በብሩህና በጨለማ ነጠብጣብ የተሞላ አንድ ሙሉ ገጽ ማለት ነው። ሌላው ምንም ሳይሸከም ይመጣል። ሁለቱ ቁሱ ውስጥ ሲገናኙ ብርሃኑ አንድ ቦታ ይደምቃል፣ አንድ ቦታ ይጠፋል። የሚቀረው ይህ ዝንጉርጉር ነው፤ ሆሎግራም የሚባለውም እሱ ነው። በኋላ ባዶው ጨረር ብቻውን ሲበራበት ገጹ ባንዴ ይመለሳል።

አሁን «መቅዳት»ን ያስቡ። ውሃ እንቀዳለን፣ ፋይል ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እንቀዳለን፤ ፈተና ላይ ከጎረቤቱ የሚቀዳም አይጠፋም። የተቀዳው ነገር ሁሌም እንዳለ ነው የሚገኘው። ቁሱ ውስጥ ያለው ዝንጉርጉር ግን ገጹን በጭራሽ አይመስልም። ስለዚህ እኔ «መቅረጽ» እላለሁ። «ቅርጽ» ከዚሁ ሥር ነው፤ የቁሱም አካል በእርግጥ ይለወጣል። ፎቶፖሊመር በሚባለው ቁስ ብርሃን የበረታበት ቦታ ላይ ትናንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ከጨለማው በኩል ደግሞ ሌሎች እየፈለሱ ይመጣሉ።

ሊቲየም ኒዮቤት የሚባለው ክሪስታል ግን ይሞግተኛል። እዚያ ቦታ የሚቀይሩት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ በልዩ ዘዴ ካልጸና በስተቀር የሚያነብበው ብርሃን ራሱ ቀስ በቀስ ይደመስሰዋል። የተቀረጸ ነገር በማንበብ ይጠፋል እንዴ? ይሁን፤ በካሴት «ድምፅ ቀረጽን» ስንል የኖርነው እኮ ሊጠፋ እንደሚችል እያወቅን ነው።

ዋናው ጣጣ «መቅረጫ» ላይ ነው። ይህ አረባብ መሣሪያንም ቦታንም ይሰይማል። «መቁረጫ» ስለቱ ነው፣ «መቀመጫ» ግን የሚቀመጡበት ቦታ። ታዲያ «መቅረጫ» ሌዘሩ ነው ወይስ ቁሱ? «መሣሪያ» ሲጨመርበት አንባቢው ሌዘሩን ያስባል። «ቁሳቁስ»ም ያው ነው፤ ጓዝና ዕቃ ይመስላል። «ቁስ» ይበቃል።

መጀመሪያ ሲጠቅሱት «መረጃው በውስጡ የሚቀረጽበት ቁስ» ይበሉ፤ ረዘም ይላል፣ ግን አያሳስትም። ከዚያ በኋላ «ቁሱ» ማለት ነው። «በላዩ» እንዳይሉ አደራ። ዲቪዲ መረጃውን በስስ ንብርብር ላይ ነው የሚይዘው። እዚህ ግን የቁሱ ውፍረት ሁሉ ይሠራል፤ የጨረሩን ማዕዘን ትንሽ እየቀየሩ አንዱ ቦታ ላይ ብዙ ገጾች መደራረብ የሚቻለውም ለዚህ ነው።

«ሆሎግራም»ን ለመተርጎም አይድከሙ። የፊዚክስ ሊቁ ዴኒስ ጋቦር ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1947 ሲያፈልቅ (በ1971 ኖቤል አስገኝቶለታል) «ሙሉ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው ስም ያወጣለት፤ ስሙም ለምዷል።

ርዕስዎን ግን ይዩት። «የሆሎግራም መረጃ ማከማቻ» ካሉ፣ ስለ ሆሎግራም የተሰበሰበ መረጃ የሚቀመጥበት ቦታ ይመስላል። «መረጃን በሆሎግራም ማከማቸት» ቢሉት ይቃናል።