የፕላስቲኩ ትል ቄጠማ ላይ እየተሰካ ላስቸገረህ

ወንድምህ ከአሜሪካ ያመጣልህ ትል ዝዋይ ላይ በወረወርክ ቁጥር ቄጠማ ይዞ የሚመለሰው የመንጠቆው ጫፍ ክፍት ስለሆነ ነው። ጫፉን ትሉ ውስጥ ደብቀው።

አሜሪካ ውስጥ ባስ ለሚባለው ዓሣ የሚያስሩት እንዲህ ነው። ክሩን ጥይት በሚመስለው እርሳስ ውስጥ አሳልፍ፣ ሹል ጎኑ ወደ ዘንጉ ይሁን፤ ከዚያ አንገቱ የታጠፈውን መንጠቆ እሰር። የመንጠቆውን ጫፍ በትሉ አናት ግማሽ ሳንቲ ያህል አስገብተህ በጎን አውጣው፣ አዙረውና ጫፉን ሰውነቱ ውስጥ ቅበረው። ትሉ ቀጥ ብሎ ካልተኛ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ክሩን ያጠማዝዝብሃል፣ እዚህ ላይ አትቸኩል። ለ15 ሳንቲ ትል 3/0 የሚባለው የመንጠቆ መጠን ይሆናል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ጥቁሩን ትል ምረጥ። ሲነክስ ጠንከር አድርገህ ሳብ፣ ጫፉ መጀመሪያ ፕላስቲኩን መብሳት አለበት።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ የዝዋዩ ዓሣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይህን ትል ብዙም አይፈልገውም። አምባዛም ምግቡን በአብዛኛው በማሽተት ነው የሚያገኘው። ቅዳሜ ከፒያሳ ከመነሳትህ በፊት እውነተኛ የመሬት ትል ቆፍረህ ያዝ።

የፕላስቲክ ትሎቹን ደግሞ ከመጡበት ከረጢት አውጥተህ አታስቀምጣቸው። እኔ ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫቸው ቀልጠው ከሳጥኑ ጋር ተጣብቀው ነው ያገኘኋቸው።