ሁለት ሉፐር ስለማገናኘት፦ ጥያቄና መልስ

ጋሽ ፔዳል፦ ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ሁለት ሉፐር (የተጫወታችሁትን ቀድቶ እየደጋገመ የሚያሰማ ማሽን) እንዴት እናገናኝ የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ ጠይቁኝ፣ ማታውን አለሁ። የማሽናችሁን ስምና የምትጫወቱትን መሣሪያ ጻፉ። ደግሞ የወደዳችሁትን ሉፕ (የሚደጋገመውን ቅጂ) ሴቭ ሳታደርጉ ማሽን አታጥፉ።

ሄኒ ክራር፦ ጋሼ እንዴት አመሹ፣ ዲቶ እና ቦስ አርሲ 5 የሚባሉ ሉፐሮች አሉኝ፣ ክራሬ ፒካፕ (ድምፁን ወደ ኬብል የሚያስገባ) አለው። ዲቶውን አስቀድሜ በተርታ ቀጠልኳቸው ግን አርሲው ላይ ስቀዳ የዲቶው ሉፕም አብሮ ይገባል፣ ከዛ ዲቶውን ባቆመውም ድምፁ አይጠፋም። ተበላሽቶ ነው?

ጋሽ ፔዳል፦ አልተበላሸም ሄኒ፣ በተርታ ስትቀጥል ሁለተኛው ማሽን በኬብሉ የመጣለትን ሁሉ ነው የሚቀዳው፣ ክራርህን ከሉፑ ለይቶ አያውቅም። ለየብቻ እንዲሆኑ ከፈለግክ ሚክሰር ያስፈልግሃል፦ ክራሩ አንድ ቻናል ይግባ፣ ኦክስ 1 (የቻናሉን ድምፅ ለብቻ ወደ ውጭ የሚልክ መውጫ) ወደ ዲቶ፣ ኦክስ 2 ወደ አርሲ፣ የሁለቱም አውትፑት በየራሱ ቻናል ይመለስ። የምትቀዳበትን ኦክስ ክፈት፣ ስትጨርስ ዝጋው፣ ካልዘጋኸው የክራሩ ድምፅ ይደረባል። ሉፐሮቹ የሚመለሱባቸው ቻናሎች ላይ ግን ኦክሱ ሁሌም ዜሮ ይሁን፣ አለዚያ ድምፁ ተመልሶ ወደራሱ ይገባና ይጮህብሃል። ተርታውንም አትናቀው። ዲቶ 5 ደቂቃ የሚይዝ አንድ ሉፕ ብቻ ነው ያለው፣ አርሲ 5 ግን 99 ማስቀመጫ አለው፣ ስለዚህ ሐሳብ ሲመጣልህ ዲቶ ላይ ያዘው፣ ካማረህ ሲዞር ወደ አርሲው ቅዳውና ሴቭ አድርግ። እኔ ብዙ የምሠራው እንደዚህ ነው።

ቤቢ፦ የቱ ሉፐር ይሻላል?

ጋሽ ፔዳል፦ ምን ትጫወታለህ፣ የት? ከላይ ጻፉ ብያለሁ።

ሳሚ ቤዝ፦ ሁለት ሉፐር እኩል አስነስቼ ትንሽ ቆይቶ ሪትሙ ይለያያል።

ጋሽ ፔዳል፦ በእግር ረግጠህ ስትዘጋ ርዝመታቸው እኩል አይሆንም። 8 ሰከንድ ሉፕ ላይ 20 ሚሊ ሰከንድ ብትስት በ2 ደቂቃ 15 ጊዜ ይዞራል፣ 300 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው፣ ያንን ማንም ሰው ይሰማዋል። መድኃኒቱ ሚዲ ክሎክ ነው፣ ማሽኖቹ እኩል እንዲሄዱ በኬብል የሚላላኩት የጊዜ ምልክት፣ አንዱ ማስተር ሌላው ተከታይ። ተራው ዲቶ ሚዲ የለውም፣ ዲቶ ኤክስ 4 አለው።

ሜሪ ኪቦርድ፦ ጋሼ እኔ ሚዲ አገናኝቼም ቺክቺካ ስቀዳ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ይጨምርብኛል።

ጋሽ ፔዳል፦ ሜሪዬ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ክሎኩ በአንድ ኳርተር ኖት (የ4/4 ባር አንድ አራተኛ፣ ባር ማለት አንድ የሪትም ዙር) 24 ምት ይልካል። ቺክቺካ 6/8 ስለሆነ አንድ ባሩ 72 ምት ነው፣ ማሽንሽ 4/4 ላይ ከተቀመጠ ግን ባር የሚለው 96ን ነው። ሁለት ባር ቺክቺካ ስትቀጂ 144 ላይ ትዘጊያለሽ፣ እሱ ግን ባሩን ልሙላ ብሎ እስከ 192 ይጠብቃል፣ ባዶው እሱ ነው። ሁለቱንም ማሽን 6/8 አድርጊያቸው። ያ ምርጫ ከሌለው አራት አራት ባር ቅጂ፣ 4 ባር ቺክቺካና 3 ባር 4/4 ሁለቱም 288 ናቸው፣ አንድ ላይ ይዘጋሉ። ሌላው ቴምፖው ነው፣ እግራችን ቺክቺካን በባር ሁለቴ ነው የሚመታው፣ እግርሽ በደቂቃ 100 ከሆነ ለማሽኑ 150 ስጪው፣ አንድ ተኩል ጊዜ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ማሽኑን ይሸጣል፣ ያሳዝነኛል።

ዲጄ ቲ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ላፕቶፕ ካለ ለምን?

ሄኒ ክራር፦ ላፕቶፕ ይዘህ አዝማሪ ቤት ግባና ንገረኝ።

ዲጄ ቲ፦ አዝማሪ መች ሉፕ ፈለገ? ማሲንቆና ግጥሙ ይበቃዋል፣ እናንተ ናችሁ በክሎክ የምታስሩት።

ሳሚ ቤዝ፦ ቲ እዚህ ላይ ልክ ነው፣ ማሲንቆ ይሳባል ይለቀቃል፣ ክሎክ ላይ ስታስቀምጠው ይሞታል።

ጋሽ ፔዳል፦ ክርክሩን ሌላ ቦታ። ማሲንቆ ያለ ክሎክ በአንድ ሉፐር ብቻ ቅዱ፣ በቃ።

አቢ፦ ፓወሩ ከአንድ አዳፕተር ይሆናል?

ጋሽ ፔዳል፦ ይሆናል፣ 9 ቮልት፣ የመሰኪያው መሀል ኔጌቲቭ ከሆነ። ካጉረመረመ ለየብቻ።

ሊሊ፦ ጋሽዬ ትናንት አርሲ 5 ላይ ቆንጆ ነገር ይዤ መብራት ሄደ፣ ጠፋብኝ። ይመለሳል?

ጋሽ ፔዳል፦ አይመለስም ሊሊዬ፣ በጣም አዝናለሁ። ሴቭ ያልተደረገ ሉፕ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይሄዳል፣ ወደ ሌላ ሜሞሪ ስታልፊም እንደዛው። መብራት በሚሄድበት ከተማ ሴቭ ሳያደርጉ ሁለተኛ ድምፅ መደረብ አያስፈልግም። በሳምንት አንዴ ደግሞ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ገልብጪው፣ ፋይሉ 44.1 ኪሎኸርዝ 32 ቢት ዌቭ ነው፣ በደቂቃ ወደ 21 ሜጋባይት ይይዛል፣ ስሙን በቀንና በቅኝት ጻፊበት፣ ትዝታ ይሁን ባቲ ኋላ ማግኘት ይቸግራል።

ቤቢ፦ እሺ፣ ጊታር፣ ቤት ውስጥ። የቱ ይሻላል?

ጋሽ ፔዳል፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ለልምምድ ብቻ ከሆነ ዲቶ ይበቃሃል፣ ማስቀመጥ ከፈለግክ አርሲ 5። ሁለተኛውን ለመግዛት አትቸኩል፣ መጀመሪያ አንዱን በሰዓቱ መዝጋት ልመድ።