የዘር ፍሬው ያልወረደለት ልጅና ሆርሞኑ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 4 ወሩ ነው። አንደኛው የዘር ፍሬ ከረጢቱ ውስጥ የለም። ሲጎረምስ ወንድነቱ ይጎድልበት ይሆን?

መልስ፦ ለወንድ ሆርሞኑ፣ ለቴስቶስትሮን፣ ብዙም አይስጉ። ሆርሞኑን የሚሠሩት ሕዋሳት ሙቀትን በመጠኑ ይችላሉ፤ አንደኛው ፍሬ በቦታው ካለ ደግሞ ድምፁም ይጎረንናል፣ ጢሙም ይበቅላል። ሙቀት የሚጎዳው ዘር የሚያፈሩትን ሕዋሳት ነው። ከረጢቱ ከተቀረው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ብሽሽት ላይ የቀረ ፍሬ ግን ያን አያገኝም።

ጥያቄ፦ ጉርምስና ሳይደርስ የምን ሆርሞን አለ? የ3 ዓመት ልጄ ተመርምሮ ቴስቶስትሮኑ በጣም ዝቅተኛ ነው ተባልን።

መልስ፦ በ3 ዓመቱ ዝቅ ማለቱ ጤነኛነት ነው፤ ያ ምርመራ ባይታዘዝም ይቻል ነበር። ሆርሞኑ ከፍ የሚለው ሕፃኑ ከ1 እስከ 3 ወር ሲሆነው ነው። ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ትእዛዝ ይልካል፣ የዘር ፍሬው ይነቃል፣ 6 ወር ገደማ ሲሆነው እስከ ጉርምስና ይተኛል። በዚያች አጭር ጊዜ ጥሬዎቹ የዘር ሕዋሳት ወደፊት ዘር ወደሚያፈሩት ይለወጣሉ። ባልወረደ ፍሬ ውስጥ ይህ ለውጥ ብዙ ጊዜ ይጓተታል ወይም ሳይሟላ ይቀራል። «ሲያድግ ይወርድለታል» እያሉ ወላጅን ዓመታት የሚያስጠብቁ ሰዎች የሚያበሳጩኝ ለዚህ ነው። ከ6 ወር በኋላ በራሱ የመውረዱ ዕድል እጅግ የመነመነ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሆርሞን መርፌ አይወርድም?

መልስ፦ ከአምስቱ ለአንዱ ቢሠራ ነው፤ ከወረደም በኋላ ተመልሶ የሚወጣ አለ። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር በ2014 ባወጣው መመሪያ ለማውረጃ እንዳይሰጥ መክሯል። ቀዶ ጥገናው 18 ወር ሳይሞላው ይሠራለት።

ጥያቄ፦ አያቱ ነኝ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳስቀምጠው ሁለቱም ይወርዳሉ፤ ሲበርደው ይሸሻሉ።

መልስ፦ እማማ፣ ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ነው፤ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። በየዓመቱ ግን ይታይ፤ ወጥቶ የሚቀር አለና።

ጥያቄ፦ የተወለደው ትናንት ነው፤ ሁለቱም አይዳሰሱም። ቀጠሮ እስኪደርስ እንጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቁ። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የወንድ ሆርሞን ከመጠን በላይ አመንጭተው በተፈጥሮዋ ሴት የሆነችን ሕፃን ወንድ ሊያስመስሏት ይችላሉ። ይኸው ሕመም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሰውነት ጨው አሟጥጦ ሊገድል ይችላል። ዛሬውኑ የሕፃናት ሐኪም ይየው፤ የሆርሞን፣ የጨውና የክሮሞዞም ምርመራ ይደረግለት።