የልጆቹን ማስታወሻ ክፍል ፊት አታንብቢ

እህቴ፣ «የ7ኛ ክፍል ልጆቼ የግል ማስታወሻ ጻፉ ስላቸው ጠዋት ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ቁርሴን በላሁ ከማለት አላልፍ አሉ» ላልሽው፣ እኔም እዚያው ላይ ነበር የጀመርኩት። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ 64 ልጅ ነበረኝ።

1. «ውሏችሁን ጻፉ» አትበያቸው። ዛሬ የቱ ጋ ጠፋባችሁ? መጀመሪያ ምን መስሏችሁ ነበር? ብለሽ ጠይቂ። የክፍለ ጊዜው የመጨረሻ 5 ደቂቃ ይበቃል። አንዷ ተማሪዬ ግማሽና ሲሶን ስትደምር ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ 2/5 አገኘች። ማስታወሻዋ ላይ ግን «ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ተጨምሮልኝ እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይደርሰኛል?» ብላ ጻፈች። እኔ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ አስረድቼ ያልገባትን ራሷ ደረሰችበት። እስከ ዛሬ እኮራባታለሁ።

2. ቀይ እስክሪቢቶ አታንሺ። ፊደል ካረምሽባቸው በማግስቱ የሚጽፉት የማይሳሳቱትን ብቻ ነው።

3. እኔን ያስከፈለኝ ይሄ ነው። አንድ ልጅ የቤት ሥራ የማይሠራው ማታ ማታ ከእናቱ ጋር ጉልት ሽንኩርት ስለሚሸጥ እንደሆነ፣ ለገዢ የብር መልስ ሲመልስ ግን በልቡ እያሰላ እንደሚለማመድ ጻፈ። ደስ ብሎኝ፣ ሌሎቹ ይማሩበት ብዬ፣ ስሙን ሳልጠራ ክፍሉ ፊት አነበብኩት። ማን እንደሆነ ወዲያው አወቁ። በእረፍት ሰዓት «ሽንኩርቱ» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ ቀኑንና «ምንም የለም» የሚለውን ብቻ እየጻፈ ሴሚስተሩ አለቀ። ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ስጠይቀው «ችግር የለም ቲቸር» አለኝ፣ አንገቱን እንደደፋ። አሁን ደንቤ አንድ ነው፦ ታጥፎ የመጣ ገጽ አይነበብም፤ ያልታጠፈውንም ከእኔ በቀር ማንም አያየውም።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልሰብስብ ብለሽ ደግሞ እንዳትሞክሪ። በቀን 13 ደብተር ከወሰድሽ በሳምንት ይዳረሳል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጽፈሽ መልሺላቸው፤ «ጎበዝ» የሚለው አያስጽፍም።

ሌላው ያንገበገበኝ ለጉብኝት የመጣ ሱፐርቫይዘር ነው። ደብተሮቹን ያለ ፈቃድ አገላብጦ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ «ማርክ ከሌለው ክፍለ ጊዜ ማባከን ነው» አለኝ። ያኔ ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። አንቺ ለርዕሰ መምህሩ አስቀድመሽ ንገሪ፤ የምትጠይቂያቸውን ጥያቄዎች ከዕለት ትምህርት ዕቅድሽ ጋር አያይዢ። ሱፐርቫይዘር ከመጣ ዕቅዱን ስጪው፣ ደብተሮቹ ቁልፍ ውስጥ ይቆዩ።